መርዶ የመሰለው ሞደም

ደረሰ የማንኩሳ ሰው ነው። ትዕግሥት ሲታደል ገበያ ወጥቶ ነበር ይሉታል። ፍኖተ ሰላም ባለው የገበሬዎች ማኅበር ኮምፒውተር የሚያበጅ እሱ ብቻ ስለሆነ የተበላሸው ሁሉ የሱ ጫንቃ ላይ ነው።

ዘንድሮ ኢንተርኔቱ ድርግም ሲል ቋሪት ያለው የገበዝ ማርያም ቅርንጫፍ የምርጥ ዘር ጥያቄውን መላኪያ አጣ። የዚያን ሁሉ ገበሬ ስም በቃል አይነግሩት ነገር! እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ካልገባ ደግሞ ዘሩ ለሌላ ወረዳ ይጫናል፤ የቋሪት ገበሬ ክረምቱን ባዶ እጁን ይቀበላል። ደረሰ አሮጌ ሞደም ከመጋዘን አውጥቶ ከማኅበሩ ዋና ኮምፒውተር፣ ከዩኒክሱ ሰርቨር ጋር ቀጠለው። ቅርንጫፉ በራሱ ሞደም በመስመር ስልክ ሲደውል ሞደሙ ያነሳል፣ ጥያቄው ይገባል። ሐሳቡ ይህ ነበር።

ኧረ ወዲያ! ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም ይላል፤ ሞደሙ ንክች አያደርገውም። ትእዛዙን ሲጽፍ ሲሰርዝ፣ ሰርቨሩን ሲያጠፋ ሲያበራ ሳምንቱ አለቀ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ሲሉት ይብስበታል። ጠረጴዛውን መትቶ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ተላላኪዋ እትዬ ባንቺአየሁ የስልኩን እጀታ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እንባቸውን ይጠርጋሉ።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ማን ሞተብሽ? ከማልቀስ ንገሪኝ እንጂ!»

ደረሰ ክው አለ። ለካ ይህ ስልክና ሞደሙ በአንድ መስመር ናቸው። እዚያ ማዶ ሲጥ ሲጥ እያለ የሚያለቅሰውም የቅርንጫፉ ሞደም ነው።

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው! ሳምንቱን ሙሉ የሚያነሱት እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ የሚጠራን ሰው አቤት አይሉትም? ባምላኩስ ቢሆን?»

ባምላኩ ልጃቸው ነው። ለሥራ መተማ ከወረደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ የሚያውቀው ቁጥር ይኼንኑ ብቻ ነው።

«ማሽን ነው አልኩ! ሲጠራ እንዳይነኩት፣ በማርያም!» ብሎ በእናቱ ዕድሜ ባለች ሴት ላይ ጮኸ።

እጃቸውን ሰበሰቡ። ስልኩ እንደገና ሲጠራ ሞደሙ አነሳ፤ ጥያቄውም ገባ። የቅርንጫፉ ሠራተኛ ማርያማዊት በሞባይል ደውላ «ጨረስን፣ ተመስገን» አለችው። ደረሰ ሞደሙን ነቅሎ በብብቱ ይዞ፣ እትዬ ባንቺአየሁን ይቅርታ ሊጠይቅ ወጣ።

ስልኩ ይጠራል። እሳቸው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ያንሱት እንጂ!»

«ያንተው ማሽን ነው» አሉ።

ሮጦ ሲያነሳው ተዘግቷል።