ለሚስቱ ያልቀመመው ሽቶ

ባሌ ሽቶ ቀማሚ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ እንዴት ታድለሻል ይለኛል። እስቲ መጥተው አንድ ሳምንት ይታደሉልኝ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእሱ ነው፣ ሌላውም ቀስ በቀስ የእሱ እየሆነ ነው። ደክሞኝ ልተኛ ስል አንሶላዬ ላይ የጽጌረዳ አበባ ሊደርቅ ተሰጥቶ አገኛለሁ። ከቀትር በፊት ሽንኩርት መጥበስ ክልክል ነው። ሽታ ያለው ሳሙና በደጃችንም አያልፍም። ካገባሁት ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የሽቶ ቀማሚ ሚስት ሆኜ ይኸው እንደ ታጠበ ብርጭቆ ምንም አልሸትም።

ሥራውን አይችልም እንዳልል ይችላል። ጨጓራዬን የሚልጠውም ይኸው ነው። ከፋብሪካ የመጣ ነገር አይነካም፤ ሁሉንም ከአበባ፣ ከቅጠል፣ ከልጣጭና ከእንጨት ራሱ ያወጣዋል። ደንበኛ ሲመጣ ምን ዓይነት ሽታ ይወዳሉ ብሎ አይጠይቅም። ያስቀምጠውና ቁልፍ ሲጠፋብህ መጀመሪያ ማንን ትቆጣለህ፣ ሰው ሲዘገይብህ ቆመህ ነው ወይስ ተቀምጠህ የምትጠብቀው እያለ ያደርቀዋል። ከዚያ ሰውየው የለበሰውን ልብስ ተቀብሎ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይዘጋና በየማለዳው አንዴ ብቻ ከፍቶ ያሸታል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ከርሞ ነው ጠብታ መቁጠር የሚጀምረው። የተቀመመውም ጨለማ ውስጥ ሦስት ሳምንት ማረፍ አለበት። እስከዚያ ደንበኛው ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሱቅ ይገባል፤ የእኔ ሰውዬ ግን ወይ ፍንክች።

ማዶ ላለው ፋርማሲስት የሠራለትን ላንሳ። ሲቀቡት ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ንጹሕና ትሑት ነው። አንድ ሰዓት ቆይቶ ግን ከሥሩ መረር ያለ የቆዳ ሽታ ብቅ ይላል። ፋርማሲስቱ ቅር አለው። ሚስቱ እጁን አሽትታ ወንበር ላይ እስክትወድቅ ሳቀች፤ ለደንበኛ ሲስቅ ውሎ ቂሙን ለእኔ ይዞ የሚገባው እሱ ራሱ ነው አለች። ጡረታ የወጣው ሾፌር ደግሞ በትምባሆ ቅጠልና በሰም የተሠራለትን ሲያሸት እንባው መጣ። ፀጉር አስተካካዩ አለው፣ የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር አላት፣ በየወሩ የሚነተርከን አከራያችን እንኳ የራሱ ብልቃጥ አለው። እኔ የለኝም።

ስንት ጊዜ እንደለመንኩት ቆጥሬ አልዘልቀውም። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፤ አፍንጫዬ ለምዶሻል፣ አብረን ስለምንኖር አትሸቺኝም ይላል። ነገሩ እውነት ነው፣ ሰው የገዛ ቤቱን ሽታ አያውቀውም። ግን እንዲህ ያለ ነገር ለሚስት ይነገራል? ደግሞ ለመቀባት ብዬ አልነበረም የፈለግኩት። የምሠራው ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስጠራ እየዋልኩ ድምፄ ሻክሮ ቀርቷል። ቤት ስገባ የምጮህ ይመስላል፤ እጮኻለሁም። የሰፈሩን ሰው ጠባይ በጠብታ የሚያውቅ ይህ ሰው እኔን ምን ብሎ እንደሚያውቀኝ ማወቅ ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

በቅርቡ ታናሽ እህቴ መንታ አርግዛ መውለጃዋ ሲቃረብ ሐኪሙ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት። ያጠራቀምኩትን የዓመት ፈቃድ ወስጄ እሷ ዘንድ አምስት ሳምንት ከረምኩ። ስሄድ በሩ ላይ ቆሜ፣ ይኸው አፍንጫህ ያርፋል፣ ስመለስ ብልቃጤ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ እግሬ አይገባም አልኩት። እሺ አለ።

ስመለስ ብልቃጧ አለች፤ ትንሽዬ፣ አንገቷ በክር የታሰረ። የእጄ አንጓ ላይ ጠብ አደረግኩ። ቫኒላ፣ የደረቀ ሣር፣ ደግሞም ለብ ያለ ወተት የመሰለ ነገር። የእኔ መራራ መቼ ነው የሚወጣው ብዬ ሰዓት እያየሁ ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለትም አለፈ፣ የወጣ ነገር የለም። ሽቶው ውስጥ ያለችው ለስላሳ፣ ረጋ ያለች፣ ማንንም የማትቆጣ ሴት ናት። ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ስጮህበት ከሥር የሚሰማው ይህ ነው ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ስናገር አፍራለሁ። ሽቶውን ልመስል ተነሣሁ። ካርድ ክፍል ስም የምጠራው በሹክሹክታ ሆነ፤ ተራቸው ያለፈባቸው በሽተኞች ጮኹብኝ፣ አለቃዬም ጉሮሮሽን ታዪ ብላ ሐኪም ጋ ልትልከኝ ነበር። ቤት ስገባ አንሶላዬ ላይ የተሰጣውን አበባ በጣቴ ገለል አድርጌ ጠርዙ ላይ እተኛለሁ። እሱ ቆም ብሎ ያየኛል። ደስ ብሎት መስሎኝ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መጣች። መርፌ ሲወድቅባት መርፌውን ይቅርታ የምትጠይቅ ዓይነት ልጅ ናት። እኔ በሄድኩ ማግስት መጋረጃ ልትለካ ገብታ ኖሮ፣ ሻርፗን በራችን ጀርባ ሰቅላ ረስታው ነበር። ለመጠየቅ ስድስት ሳምንት የፈጀባት ከይሉኝታ ብዛት ነው። የእሷ ሻርፕ ቡናማ ነው፤ የእኔም ቡናማ ነው፣ ግን የእኔው አብሮኝ እህቴ ቤት ሄዶ ነበር። ጋሼ ድንገት አይተውት ይሆን ብላ ባሌን ጠየቀችው። ቆርቆሮውን ከፍቶ ሻርፑን አወጣ። አወጣና እንደ ያዘው ቆመ።

ያኔ ገባኝ። ያ ወተት፣ ያ ሣር፣ ያ ሁሉ እርጋታ የእሷ ነው። ብልቃጡን አንሥቼ ያንቺ ነው ብዬ አስጨበጥኳት። ግራ ገብቷት አሸተተች። ደስ ይላል እትዬ አለችኝና፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ትንሽ ጠንከር ያለ ይኖረው እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ሻርፗንና ብልቃጧን ይዛ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ሳምንቱን ሙሉ የዋጥኩት ጩኸት በአንዴ ወጣ። ሚስትን ከጎረቤት የማይለይ ምን ዓይነት አፍንጫ ነው የተሸከምከው አልኩት። ሌላም ብዙ ብያለሁ፣ እዚህ አልደግመውም። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ሳሸተው አንቺን አልመሰለኝም ነበር» አለ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህች የእኔዋ አይደለችም ስል ነበር። በኋላ፣ ምናልባት እኔ እሆናለሁ ያላወቅኋት ብዬ ሠራሁት። አንቺም ተቀባሽው። ያንቺ አለመሆኑን አንቺስ አላወቅሽም?»

ደሜ ፈላ። አውቄው ነበር እኮ። ገና በመጀመሪያው ሰዓት አውቄው ነበር፤ ግን እንደዚያች ሴት አድርጎ ቢያየኝ ምን አለበት ብዬ ዝም አልኩ። ስለዚህ ውስጤን የሚያንገበግበውን ጠየቅኩት።

«እና ያችኛዋ ትሻልሃለች?»

አሰበ። ይህ ሰው ሲያስብ ደግሞ ነፍስ ያወጣል።

«ሰው ቤት የሰነበትኩ ነው የመሰለኝ» አለ። «ሰላም ነበር፣ አልክድም። ግን በየቀኑ፣ ይቺ እንግዳ መቼ ነው የምትሄደው፣ የእኔዋስ መቼ ነው የምትመጣው እያልኩ ስጠብቅሽ ነበር።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዳይኮራብኝ ብዬ፣ በዚያው በሻካራ ድምፄ፣ ሽቶዬን አሁንም እንደምፈልግ ነገርኩት። እሠራልሻለሁ፣ ግን አፍንጫዬ እንዲያርፍ ሌላ አምስት ሳምንት ከቤት ርቀሽ መክረም አለብሽ አለኝ።

የትም አልሄድም አልኩት።