የጥሩአየሁ ወንድምና ትንሿ ነጭ ክኒን

ይሄን ታሪክ ይዤ መቆየት አቃተኝ። ለጸጉር ቆራጩ ነገርኩት፣ ገበያ አብረውኝ ለሚሄዱት ነገርኳቸው፣ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስለ አንጎል የማወራውን ከራሴ እንዳይመስላችሁ። ብቸና ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ሰው ያክሙ ከነበሩት ከጋሼ ያየህ ጠይቄ ጠይቄ ያገኘሁት ነው። ሌላውን ራሳቸው ባለታሪኳ፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩአየሁ ናቸው ያጫወቱኝ። አሁን አንቱ ነው የምላቸው፤ ያኔ ግን ሠላሳ ዓመትም ስላልሞላቸው እዚህ «እሷ» ብል አትቀየሙኝ።

ጥሩአየሁ ብቸና ገበያ ጌሾ ትሸጥ ነበር። እናትና አባቷ በአንድ ክረምት ስላለቁ ታናሽ ወንድሟን ሣህለ ማርያምን ያሳደገችው እሷ ናት። ልጁ ጎበዝ ስለነበር ከሞጣ ወጣ ብሎ ካለ የቅኔ ጉባኤ ገብቶ አራት ዓመት ተማረ። የእሷ ምኞት መምህር ሆኖ ማየት ነበር፣ ሌላ ምንም።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት «ወንድምሽን መጥተሽ ውሰጂው» የሚል መልእክት ደረሳት። እስከ ጉንደ ወይን በጭነት መኪና፣ ከዚያ በእግሯ ሄደች። ከስቶ፣ ጥግ ይዞ ተቀምጦ አገኘችው። ገና ስታቅፈው ጆሮዋ ስር ገባ።

«ቀስ ብለሽ አውሪ። ይሰሙናል።»

«እነማን?»

«ቀበሌዎቹ። ያሰብኩትን ሁሉ ይሰሙታል።»

እናንተ ብትሆኑ አብዷል ትሉ ነበር? በዚያ ዘመን እኮ አገሩ ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው፤ ይከታተሉኛል ያለ ሁሉ እብድ ከተባለ ጤነኛ ማን ሊቀር ነው? ጥሩአየሁም አመነችው። ብቸና ካመጣችው በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ግድግዳ አጠገብ አላወራችም። በጎረቤት በኩል ያለውን መስኮት ሳይቀር በጭቃ መረገችው።

ነገሩ የገባት ወደ እሷ ሲዞር ነው። አንድ ቀን ቁርሱን ገፋና፣

«ስለ እኔ ሪፖርት የምትጽፊው አንቺ ነሽ» አላት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፣ በምን እጄ ነው የምጽፈው?»

«ለዚህ እኮ ነው ያላስተማሩሽ። እንዳትጠረጠሪ።»

ይሄን ስትነግረኝ ስቃለች። ያኔ ግን ወጥታ ጓሮ ለብቻዋ ነው ያለቀሰችው።

ጸበል ወሰደችው፣ ረገብ ብሎ ተመለሰበት። ጎረቤቱ ሁሉ «አብሾ ነው» አለ። አብሾን ለማታውቁት፣ ትምህርት ቶሎ እንዲገባቸው ብለው አንዳንድ የቆሎ ተማሪዎች ተደብቀው የሚጠጡት ሜዳ ላይ የሚበቅል ዕፅ ነው። የጠጣም አይናገርም፣ ያጠጣም አይናገርም።

ጤና ጣቢያ የወሰደችው ሌላ መላ ስታጣ ነው። ጋሼ ያየህ የደጀን ሰው ናቸው፣ ተመድበው ነው የመጡት፤ ለእሷ እንግዳ ናቸው። ደብተር አወጡና ድምፅ የሚሰማው ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ምን ይሉታል፣ የወሰደው ነገር አለ ወይ እያሉ ይጽፋሉ። እሷ የብዕሩን ጫፍ ታያለች። ይሄ ሰው ለማን ነው የሚጽፈው? አብሾ ብትል ነገ ካድሬ ጉባኤ ቤቱን ሲበረብር ታያት።

«ምንም አልወሰደም» አለች።

ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጧት። «ትልቋን ጠዋትና ማታ። ይቺን ትንሿን ነጭ ደግሞ አብረሽ ስጪው።»

«ትንሿ ለምንድን ናት?»

«ትልቋ ሰውነት ታደርቃለች፤ ትንሿ ታፍታታዋለች።»

«እንደምታደርቀው እያወቁ ነው የሚሰጡኝ?»

«አዎ።»

ነገሩን ያበላሸው ይሄ «አዎ» ነው። በሽታው አንድ፣ መድኃኒቱ ሁለት፤ ሁለተኛዋ ምን ተልካ መጣች? ስትል ለበሽታው የተባለችውን ትልቋን ይዛ ትንሿን አጥር ስር ቀበረቻት።

በአሥር ቀን ድምፆቹ ራቁለት፣ ሪፖርት የሚለውም ቀረ። ግን አንገቱ አልዞር አለ፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ለማኘክ እንኳ ይቸገራል። አንዷ ጎረቤት «አደንዝዘው ሊወስዱት ነው፣ ታያለሽ» አለቻት። ድምፆቹ ሄዱ፣ ወንድሟም አብሮ የሄደ መሰላት።

በዚያው ሰሞን የጉባኤ ጓደኛው ፋንታ ሊጠይቀው መጣ። ጥሩአየሁ በሩ ላይ ያዘችው።

«እውነቱን ንገረኝ፣ አብሾ ጠጥቷል?»

«አብረን ነው የጠጣነው።»

«ታዲያ አንተን እንዴት ሳይነካህ ቀረ?»

«እኔማ ይኸው፣ ቅኔውም አልገባልኝ፣ እብደቱም አልያዘኝ።»

ከዚያ «ያሰረው ይፈታዋል» ብሎ ከዚያው ከአብሾው ትንሽ ወቅጦ ሰጣት። በማር አቀመሰችው። ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ከሰዓት አንገቱ ዞረ። እንጀራ አኘከ። «እቴ፣ ራበኝ» አላት። ጠላቱ የጤና ጣቢያው ክኒን እንደሆነ የለየች መሰላት። በማግስቱ እጥፍ አድርጋ ሰጠችው።

እኩለ ቀን ሳይሆን ዓይኑ ፈጠጠ፣ አፉ ደረቀ፣ ገላው እንደ ምጣድ ጋለ። ከአየር ላይ ክር እንደሚለቅም ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል። «አንቺ ማነሽ?» አላት።

ከፋንታ ጋር በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ጋሼ ያየህ ዓይኑን ገልጠው አዩና፣

«ምን አቀመስሽው?»

ፋንታ ነጠላዋን ጎተት አደረጋት። ብትናገር ለጉባኤ ቤቱም፣ ለፋንታም፣ ለእሷም ጣጣ ነው። ዝም ብትል ልጁ እዚያው ፊቷ ሊያልፍ ነው።

«አብሾ» አለች። «ይጻፉት። ትናንት ትንሽ፣ ዛሬ እጥፍ።»

«ነጯን ክኒንስ?»

«ቀበርኳት።»

ሰውየው ራሳቸውን ያዙ። «አንቺ ሴት፣ ታናሺቱን ቀብረሽ ታላቅ እህቷን ከሜዳ ለቅመሽ አመጣሽበት።»

እኔ የምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ልናገረው። አንጎላችን ውስጥ ተቀባይ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ነገሮች አሉ። ሠርግ ላይ አንዱ ዘፈን ሲያወጣ ሌላው አይቀበለውም? እንደዚያ ነው፤ መልእክት ይመጣል፣ እነሱ ይቀበላሉ። ዶፓሚን የሚባል መልእክት አለ። ትልቋ ክኒን የእሱን ተቀባዮች አፍ ትይዛለች፣ የሚሰማው ድምፅ ይቀንሳል። ችግሩ እነሱው ተቀባዮች እጅና እግር በሚያንቀሳቅሰውም ክፍል አሉ፤ ሰውነት የሚደርቀው ለዚህ ነው። ትንሿ ነጭ ሌላ ዓይነት ተቀባይ ይዛ ሚዛኑን ትመልሳለች። አብሾም የሚይዘው እነዚያኑ ነው። አንገቱ የዞረው ለዚህ ነው፣ ልቡናው የጠፋውም ለዚህ ነው፤ ክኒኗ ተለክታ የተሠራች ናት፣ አብሾ ግን ልክ የለውም፣ ይገድላል። ይሄን የሰማሁ ቀን ሥራ አልሠራሁም።

ሁለት ቀን በእርጥብ ጨርቅ ሲያበርዱት፣ ቀስ እያሉ ውኃ ሲያጠጡት ሰነበቱ። በሦስተኛው ቀን ስሟን ጠራ። ጋሼ ያየህ የትልቋን መጠን ቀነሱና ትንሿን እንደገና ዘረጉላት።

«መጀመሪያ እርስዎ ይዋጧት» አለች።

ዋጧት። «አፌ ቀኑን ሙሉ ኩበት መስሎ ዋለ» ይላሉ እስካሁን።

ካድሬ ይመጣል ብላ አንድ ወር በር በሩን አየች። ማንም አልመጣም። ለበላይ ምን ጻፉ ብዬ ጋሼ ያየህን ብጠይቃቸው «መርዛማ ዕፅ፣ በስህተት ብዬ አለፍኩት» አሉኝ።

በወሩ ይዛው ስትመለስ፣

«አሁንስ ድምፅ ትሰማለህ?» አሉት።

ሣህለ ማርያም እህቱን አያት። እሷ ድምፁ ፈጽሞ የጠፋ መስሏት ነበር፤ ደብቋት ነው ለካ።

«ንገራቸው» አለችው።

«ከሩቅ» አለ። «ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው።»

ወደ ጉባኤው አልተመለሰም፣ መምህርም አልሆነላትም። ሽመና ለምዶ ጋቢ ይሠራል፣ ክኒኑንም ይውጣል። አብሾው ነው ያመጣበት ወይስ በሽታው ቀድሞ ነበር? ጋሼ ያየህ «ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በዚያው ዕድሜ ነው፣ አጥርቶ የሚነግርህ የለም» ይላሉ። እትዬ ጥሩአየሁ ግን ያንን ዕፅ አጥር ስር ካዩ ነቅለው ነው የሚያልፉት፤ የክኒኑ ቀለም በተለወጠ ቁጥርም ጤና ጣቢያ ሄደው ሳያፋጥጡ አይሰጡትም።

በእናንተ ቤትስ ይሰሙኛል ያለ ሰው ነበር? አመናችሁት ወይስ ጠረጠራችሁት፣ መድኃኒቱንስ ማን ቀድሞ ቀመሰው?