የወረዳው ድስት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ የሰፈሩን ነገር መከታተል ነው። ልጆቼ «ነገር ፈላጊ» ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ቤት ተቀምጬ የሰው ክርክር ስጽፍ የኖርኩ ሴት ነኝና ጆሮሽን ዝጊ ቢሉኝ አይዘጋልኝም። የምኖረው እዚሁ ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ካለው በር ከጋምቤላ የመጣች ነርስ ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ወደ ሥራ ስትወርድ፣ ሳልጠይቃት የኔን የቆሻሻ ከረጢት ይዛልኝ የምትወርድ ጎረቤት ናት።

አንድ ቀን ልጅቷ እያለቀሰች ገባች። ደረጃው ላይ የሚጫወቱ ልጆች በመልኳ ጥቁረት «ባሪያ» ብለው ሰድበዋታል። እናትየው አልጮኸችም። አመሻሹ ላይ በሬን አንኳኩታ «እትዬ፣ የሚያውቁት ደላላ አለ? የአገሬ ልጆች ወደሚበዙበት ሰፈር ልሄድ ነው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ልጆቹ ያንን ቃል ደረጃው ላይ ወድቆ አላገኙትም፤ ከየቤታቸው ይዘውት ነው የወጡት። «ትንሽ ታገሺኝ» አልኳትና በማግስቱ ወረዳ ሄድኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ «ነገ ይመለሱ» እንደምባል እርግጠኛ ሆኜ፣ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ያገኘሁት ወጣት ኃላፊ ግን ቁጭ ብሎ አዳመጠኝ፤ ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ ከንቱ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ የወረዳውን አዳራሽ ፈቀደልን፤ ማይክራፎንና የታሸገ ውሃ አቀረበ፤ የዕድራችንን አባላት ሰብስቦ ስለ ዘርና ስለ ቀለም አወያየን። ባነርም አሠርቷል። ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገርን፣ አጨበጨብን።

ነገሩ የተበላሸው መጨረሻው ላይ ነው። ጎረቤቴን መድረክ ላይ አውጥተው ከባነሩ ሥር አስቀመጧት። «እህታችን፣ ጌጣችን» ተባለች። አበባ ተሰጣት፣ ሰዉ እየተሰለፈ አብሯት ፎቶ ተነሣ። አበባውን ታቅፋ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ ሳያት፣ ፍርድ ቤት ስንቴ ያየኋቸው ተከሳሾች ትዝ አሉኝ።

ይኼ እሷን እንግዳ የማድረግ ነገር አዲስ አልነበረም። እኛ ጋ ሰው ሲሞት የዕድሩ ሴቶች ግቢው ውስጥ ካለው የጋራ ማብሰያ ቤት ተሰብስበን ለለቀስተኛው እናበስላለን። አዛዣችን ሰንጋ ተራ ሱቅ ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ቁጣ የሳቸው ሰላምታ ነው። ሽንኩርት አወፈርሽ፣ እሳት አበዛሽ፣ አረፈድሽ፤ እኔን በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ይገሥጹኛል። ጎረቤቴን ግን ተቆጥተዋት አያውቁም። ልትረዳ በመጣች ቁጥር ወንበር ይጎትቱላትና «አንቺማ እንግዳችን ነሽ፣ ተቀመጪ የኔ እናት» ይሏታል። አንድ ለቅሶ ላይ እንደ ምንም ብላ ብርጭቆ አጠበች። ዘወር ስትል ከሴቶቹ አንዷ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ እንደገና አጠበቻቸው። ጎረቤቴ አይታታለች። እኔም እንዳየቻት አየሁ።

እናም ስብሰባው ሲያበቃ ኃላፊው ወደኛ መጥቶ «ሌላ ወረዳው ምን ያግዛችሁ?» ሲል፣ መልሱን ከሷ አልጠበቅኩም ነበር።

«ባነሩ ይበቃል» አለችው። «ለቅሶ ላይ ድስት ያንሰናል። ሁለት ትልልቅ ብረት ድስት ብትሰጡን ጥሩ ነው። ግን ድስቱ ላይ የሚቆመው ሰው በበር ተራ ይሁን። ተራው እኔ በር ላይ ሲደርስ እንዳይዘለል።»

ኃላፊው ግራ ገባው። «የኔ ልጅ» አልኩት፣ «እኛ የራሳችንን ሰው ሥራ እናዛለን። ቁጭ የምናደርገው እንግዳን ነው። እሷ እዚህ ሰፈር ስትገባ ልጇ የወተት ጥርስ እንኳ አልነቀለችም ነበር። እስከ መቼ ትቀመጥ?»

ገባው። ድስቶቹ መጡ፤ ከነሱ ጋር ኃላፊው ራሱ መጥቶ የተራውን ነገር ከዕድሩ ሹማምንት ጋር ተስማማ። አዛዣችን «ደግሞ ወረዳ ወጥ ቤት ገባ!» ብለው ሲያጉረመርሙ ዋሉ።

ክረምቱ ሲገባ አንደኛ ፎቅ የሚኖሩ አዛውንት አረፉ። ተራው ጎረቤቴ በር ላይ ደረሰ። ከምትሠራበት ክሊኒክ ፈቃድ ወስዳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ መጣች። እኔን ሳትጠብቅ ራሷ የፈለገችው ደላላ ቤት አግኝቶላት የእሺታዋን መልስ እየጠበቀ ነበር። ያቺ ብርጭቆዎቹን እንደገና ያጠበችው ሴት ዕቃዋን ሰብስባ በሩ ላይ ቆመች። ጎረቤቴ ማንንም ቀና ብላ ሳታይ ምስር ወጧን ታማስላለች።

አዛዣችን አንድ ልማድ አላቸው። ወጥ ከመውጣቱ በፊት እየዞሩ መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ በማማሰያው ጠብ ይደረግላቸዋል፤ ይልሱታል። ጎረቤቴ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እጃቸው ነጠላቸው ውስጥ ነበር። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ቢላቸውን አቆሙ።

እጃቸው ወጣና ተዘረጋ። ጎረቤቴ ጠብ አደረገችላቸው፤ ላሱት።

«ጨዉ የታለ?» ብለው ጮኹ። «አንቺ ልጅ፣ ይኼን ለሰው ልናቀርብ ነው? ወጡም ሊያርርብሽ ነው! እሳቱን ቀንሺው እንጂ፣ ቆመሽ ታይኛለሽ?»

ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ እሳቱን ቀነሰች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ የምታለቅስ መስሎኝ ተጠጋሁ። እየሳቀች ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ በሽንኩርቱም አላመካኝም። በሩ ላይ የቆመችው ሴት ያን ቀን ሳትበላ ሄደች። ትሂድ፤ ሌላው ሰው ወጡን ጠርጎ በልቶታል።

ለቅሶው ሲበተን ድስቱን አብረን ይዘን ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ስንሄድ ስልኳ ጠራ። ደላላው ነው።

«ይቅርብኝ፣ ቤቱን ለሌላ ሰው ስጠው» አለችው።

ስልኳን ኪሷ ከታ የድስቱን ጆሮ እንደገና ያዘች። «ተቆጡኝ እኮ፣ እትዬ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት፤ «ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»