ሁለት ቃል ያለው ማኅተም

መጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ባልዲ፣ በረኪናና የጎማ ጓንት ነበር። ገዳሪፍ ገበያ ዳር ባለች ሦስት ክፍል መዕመል፣ ማለትም ላቦራቶሪ፣ በጽዳት ተቀጠርሁ። ባለቤቱ ኡስታዝ ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ቴክኒሺያን ነበር፤ ረጅም፣ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥል ሰው። «ወለሉ ያንቺ ነው፤ ጠረጴዛው የእኔ» አለኝ። ደርግ በወደቀ ማግሥት ከመተማ ተሻግሬ ገና ዓመት አልሞላኝም። አረብኛዬ የገበያ አረብኛ ነው፤ ይህችን ግን አልሳትኋትም።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ግን ጠረጴዛው ራሱ ጠራኝ። ከሀዋታ እርሻ የመጣ የጎንደር ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «ይቆረጥመኛል፣ ይቆረጥመኛል» ይላል። ኢድሪስ ግራ ገብቶታል።

«ያ ሐበሺያ» አለኝ፣ አንቺ ሐበሻ ማለቱ ነው፤ «ምን እያለ ነው?»

ጉልበቴን ይዤ በጥርሴ አጥንት እንደሚግጥ ሰው አደረግሁለት። ኢድሪስ ሳቀ፤ በሽተኛውም ሕመሙን ረስቶ ሳቀ። «ከነገ ጀምሮ በሽተኛ ሲመጣ ባልዲሽን አስቀምጠሽ ትመጫለሽ» አለኝ። ሥራ የጀመርሁት እንዲህ ነው።

ፊደል የቆጠርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቃቅሜ ተማርሁት። ኢድሪስ መጀመሪያ የወባውን ደም ብርጭቆ ላይ መቀባት አሳየኝ፤ ቀጥሎ የደም ዝቅጠቱን። ደሙን በረጅም ቀጭን ቱቦ ስባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ታቆሙታላችሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀዩ ምን ያህል እንደወረደ ታነባላችሁ። ብዙ ከወረደ ሰውነት ውስጥ የሆነ ቦታ እሳት አለ ማለት ነው። የት እንደሚነድ ግን ቱቦው አይነግራችሁም። በስድስተኛው ዓመቴ ነጭ የደም ሕዋስ እቆጥር፣ ሽንት አፍልቼ ፕሮቲን አይ ነበር። የምስክር ወረቀት ስለሌለኝ ብቻ ፊርማውና ማኅተሙ የኢድሪስ ሆነው ቀሩ።

ስለ ማኅተሙ ልንገራችሁ። እጀታው እንጨት ነው፤ ሁለት ጫፍ አለው። በአንዱ ጫፍ «ኢጃቢ» ይላል፣ አለ ማለት ነው። በሌላው «ሰልቢ»፣ የለም። በዙሪያው የመዕመሉ ስም አለ። ከነዚህ ሁለት ቃላት ውጭ ከዚያ ቤት የወጣ መልስ አልነበረም ማለት ይቻላል።

«የገዳሪፍ በሽታ ሁለት ነው» ይል ነበር ኢድሪስ፤ «ወባና ታይፎይድ። አንዱም ካልሆነ ሁለቱም ነው።» እንስቅ ነበር። ክረምት ሲገባ ወረፋው እስከ መንገዱ ይደርሳል፤ ማኅተሙም ሲወርድ ይውላል።

አንድ ልማድ ደግሞ ነበረን። ውጤት የሚሰጠው በሽተኛውን ይዞ ለመጣው ነው። ሴት ከሆነች ለባሏ ወይም ለወንድሟ። ደንብ ብሎ የጻፈው የለም፤ እንዲሁ ሲሠራበት የኖረ ነው። እኔም ስንቱን ወረቀት ለስንቱ ባል አቀብያለሁ፤ ነውሩ አልታየኝም።

ዘሃራ ስትመጣ ሀያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ባሏ ሙስጠፋ ያገራችን ሰው ነው፤ ገበያው ውስጥ የጨርቅ ዱካን አለው። ትኩሳት ይመላለስባታል። ክንዷን ሳስር ትቀልድብኛለች።

«እትዬ ይታይሽ፣ ደሜን ጨረስሽው እኮ። ልትነግጂበት ነው?»

«ባልሽ ነጋዴ ነው፤ ከሱ ተማርሁ» አልኋት።

ሙስጠፋ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። እሷ ግን ጣቶቿን እያሸች ወደኔ ጠጋ አለች። «ጠዋት ጠዋት ጣቴ አልታዘዝ ይለኛል። ቶቤን የሚያለብሰኝ እሱ ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ።» ቶብ የሱዳን ሴት ከላይ እስከ ታች የምትጠመጠምበት ጨርቅ ነው። ባል ለሚስቱ ቶብ ሲጠመጥም ሰምቼም አላውቅ።

ጉንጮቿ ላይ ቀይ ነገር ወጥቶባታል፤ አፏም ቆስሏል። «ምች ነው» አለችኝ። «ፀሐይ ላይ በወጣሁ ቁጥር ይመታኛል። እናቴ በዳማከሴ ታሸኛለች፣ አይለቅም።» ለኢድሪስ «ፀሐይ መትቷታል» ብዬ ተረጎምሁለት። እጁን አወናጭፎ ተወው። በገዳሪፍ ፀሐይ ያልመታው ማን አለ?

ወባ የለባትም። ዝቅጠቷ ከመቶ በላይ ነበር፤ የጤነኛ ከሃያ ብዙም አያልፍም። ነጭ የደም ሕዋሷ አነሰብኝና ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት፤ ያው ነው። የታይፎይዱ ምርመራ ትንሽ ጉም አሳየ። ኢድሪስ «ኢጃቢ» መታበት፤ የታይፎይድ መድኃኒት ዋጠች። ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች፤ እንደገና ታይፎይድ። ከዚያ እንደገና። በዚህ መሐል፣ እንደ ፊተኞቹ ሁለቱ፣ ሦስተኛ ጽንሷም ወረደ።

ያኔ ነው አዋላጇ ቪዲአርኤል አዝዛ የላከቻት፤ ጽንስ ለሚወርድባት ሴት የሚታዘዝ የቂጥኝ ምርመራ ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ። የደሙን ውሃ ሙቅ ገንዳ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆየሁት፣ ብርጭቆው ላይ ጠብ አደረግሁ፣ የምርመራውን ፈሳሽ ጨመርሁ፤ ማሽን ስለሌለን በእጄ አራት ደቂቃ አሽከረከርሁት። በማይክሮስኮፕ ሳየው ፍርፍር ብሏል፤ በሽታው ሲኖር እንዲያ ይላል። ብዙ አይደለም፤ የጨው ያህል።

«ኡስታዝ፣ ደካማ ነው» አልሁት።

አጎንብሶ አየ። «ደካማ ነው» አለ እሱም። ማኅተሙን አነሣ።

«እንግዲያ ደካማ ብለህ ጻፍበት።»

«ያ ይታይሽ፣ ማኅተሙ ላይ ደካማ የሚል የለም። ወይ አለ፣ ወይ የለም።» «ኢጃቢ» መታበት።

ወረቀቱን ለሙስጠፋ ሰጠሁት። ዘሃራ ከኋላው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብላለች። ቆሞ አነበበው፣ ለሁለት አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። «ተነሺ» አላት። ከዚያ በፊት እንዲያ ሲያዛት አልሰማሁትም።

በማግሥቱ ብቻውን መጣና ለራሱ አስመረመረ። ሰልቢ። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«እኔ ከሌለብኝ ከየት አመጣችው?» አለ። የጠየቀው ኢድሪስን ነው፤ ዓይኑ ግን እኔ ላይ ነበር። ኢድሪስ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ያንን የጨው ያህል ፍርፍር በዓይኔ ያየሁት ዝም አልሁ። የጽዳት ሠራተኛ ሆኜ የገባሁ ሴት፣ በኢድሪስ ማኅተም ላይ ምን ብዬ ልናገር አልሁ። ዛሬ ሳስበው የምናገረው ነበረኝ።

በሳምንቱ ፈታት።

ዘሃራ እናቷ እትዬ ከድጃ ቤት ገባች። ፔኒሲሊን ተወጋች፤ ጣቷም ትኩሳቷም እንዳለ ነው። ገበያው ሰምቷል፤ እናቷ ቡና ስትጠራ የሚመጣ ጠፋ። አንድ ጠዋት ዘሃራ እግሯን እየጎተተች መዕመሉ መጣች። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል፤ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ሳስቷል። ቀልዷ የለም።

«እትዬ ይታይሽ፣ አንቺ ደሜን ታውቂዋለሽ። የት ሄጄ ነው ያመጣሁት? ካወቅሽ ንገሪኝ። ለራሴ ብቻ ነው።»

«ሽንት ስጪኝ» አልኋት። ሳፈላው ቱቦው ውስጥ እንደ ወተት ነጣ። ኩላሊቷ ያፈስሳል ማለት ነው። ለቂጥኙ ተወግታ ይህ ከየት መጣ?

ወረፋው ሲሳሳ የውጤት መዝገቦቹን አወረድሁ። መዝገባችን የሚጻፈው በቀን ቁጥር ነው፤ ዛሬ የመጣው በሽተኛ ከሦስት ወር በፊት ከመጣው ጋር አይገናኝም። የዘሃራን ከያሉበት ለቅሜ በአንድ ወረቀት ላይ ደረደርኋቸው፦ ወባ የሌለው ትኩሳት፣ ዝቅጠት ሁልጊዜ ከመቶ በላይ፣ ነጭ ሕዋስ ሁልጊዜ ያነሰ፣ ሦስት የወረደ ጽንስ፣ ደካማ ቪዲአርኤል፣ የዛሬው ሽንት። ከሥሩ መዝገብ ውስጥ የሌለውን፣ እሷ የነገረችኝን ጨመርሁ፦ ጣት፣ ጸጉር፣ ያፍ ቁስል፣ ምች። አንድ ዓመት ተኩል በየገጹ ተበትኖ ሲያልፈን የነበረ ነገር፣ አንድ ላይ ሲቆም ታይፎይድ አይመስልም።

ከካርቱም በሳምንት አንድ ቀን የምትመጣ ዶክተር ሰልማ የምትባል ሐኪም ነበረች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄ ሁሉ የአንድ ሰው ነው?»

«የአንድ ሴት።»

«ምች ያልሽው ምንድን ነው?»

ነገርኋት፤ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ጉንጯን ይመታታል። «አፍንጫዋን ተሻግሮ ሁለቱንም ጉንጭ ነው?» ብላ በጣቷ ፊቷ ላይ ሣለችልኝ። ልክ እንደሣለችው ነበር። «ፀሐይ መትቷታል» ብዬ ያለፍሁት ቀን ትዝ አለኝ።

«ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አንዳንዴ ያብዳል» አለችኝ፤ «ሌባውን ትቶ የቤቱን ሰው ይነክሳል። የሰውነት መከላከያም እንዲሁ ይሆናል። ይህን መሳዩ ሉፐስ ይባላል። መገጣጠሚያ ይነክሳል፣ ቆዳ ይነክሳል፣ ኩላሊት ይነክሳል። ቪዲአርኤልን ደግሞ ያሳስታል፤ ቂጥኝ የሌለበትን አለበት ያስብላል፤ ብዙ ጊዜም በደካማው ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ደም ወደ ካርቱም ይሂድ።»

ሁለት ምርመራ ጻፈች፤ አንዱ የቂጥኙን ማረጋገጫ፣ ሁለተኛው መከላከያው በራሱ ሰውነት ላይ መነሣቱን የሚጠቁም፣ ኤኤንኤ የሚባለውን። «ኤኤንኤ ብቻውን አያስፈርድም፤ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል» አለችኝ። «ካንቺ ዝርዝር ጋር ግን ይናገራል።» ደሙን ቴርሞስ ውስጥ በበረዶ አሽጌ በአውቶቡስ ላክሁት። ሁለት ሳምንት ቆየ። ማረጋገጫው፦ ቂጥኝ የለም። ኤኤንኤው፦ አለ፤ ያውም ከፍ ያለ።

ወረቀቱን ይዤ ሙስጠፋ ዱካን ሄድሁ። ጨርቅ እየለካ ነበር። አነበበው፣ ገለበጠው።

«ማኅተም የለውም» አለኝ።

እውነቱን ነው። የካርቱሙ በኮምፒውተር የታተመ ነበር፤ ፊርማ ብቻ።

«የፊተኛውን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ» አለ። «ያኛው ማኅተም ነበረው። የቱን ልመን?»

ወደ ኢድሪስ ተመለስሁና እንዲያትምበት ጠየቅሁት። «መዕመሌን ልትዘጊው ነው?» አለኝ። «የራሴን ውጤት በራሴ ማኅተም ላፈርስ?» ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። በሦስተኛው ቀን ስገባ ወረቀቱ የኔ ወንበር ላይ ነበር፤ «ሰልቢ» ተመቶበታል። ከሥሩ በእጁ «የፊተኛው ውጤታችን ስሕተት ነበር» ብሎ ፈርሟል።

ሙስጠፋ ያንን ሲያነብ ጨርቁ ላይ ተቀመጠ። ሱቁን ሳይዘጋ ተነሥቶ እትዬ ከድጃ ቤት ሄደ፤ ተከተልሁት። ደጅ ቆሞ እንድታነጋግረው ለመነ። እናቷ ገብታ ወጣች።

«ቶቤን እናቴ ታለብሰኛለች በዪው ብላለች» አለችው።

ወረቀቱን ለኔ መልሶ ሄደ። ዘሃራ ጠራችኝ። አንብቢልኝ ብላ፣ የሙስጠፋን መምጣት ሰምተው ጎረቤት ሴቶች በተሰበሰቡበት ከላይ እስከ ታች አነበብሁላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ዶክተር ሰልማ ያበደውን መከላከያ የሚያበርድ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባል መድኃኒት ጀመረችላት። ትኩሳቷ ጠፋ፤ ጣቶቿም ተፈቱ፤ አንድ በጋ ሙሉ ቶቧን በራሷ እጅ ለበሰች። ለኩላሊቱ ግን ዘግይቶ ነበር። ታይፎይድ እያልን ያባከንነው አንድ ዓመት ተኩል ለኩላሊቱ ነበር የሚያስፈልገው። በሚቀጥለው ክረምት ሞተች። ልቅሶው ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ «በዚያ በሽታ ነው አሉ» ሲባባሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ እውነቱን ነገርኋቸው። አንዷ አመነችኝ፤ ሌላዋ እንጃ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የበሽተኛው ስም በቀን ሳይሆን በራሱ ገጽ የሚጻፍበት መዝገብ አበጀሁ። በወረቀቱ ጉዳይ ኢድሪስ ተከራከረኝ፤ ባሎች ተቆጡ፤ እኔ ግን ውጤቱን ከሴቷ በቀር ለማንም አልሰጠሁም። እንደ ዘሃራ ያሉ ሦስት ሴቶች በዚያ መዝገብ ተገኙ፤ ሁለቱ በሕይወት አሉ።

እናንተ አሁን ጠረጴዛው ላይ ያላችሁ፦ ደካማ ያያችሁትን ደካማ ብላችሁ ጻፉ። ቪዲአርኤል ማረጋገጫው ሳይመጣ ከእጃችሁ አይውጣ። የድሮውን ውጤት አውርዳችሁ ከዛሬው ጎን አንብቡ። ወረቀቱንም ደሙን ለሰጠው ሰው ስጡ።