በባምባሲ መንገድ ላይ ግፊት ስንለካ

ባለፈው ሳምንት አዳማ ውስጥ ለቤንዚን ተሰልፌ ነበር። ሰልፉ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ መስኮቴን ከፍቼ የጠዋቱን ንፋስ እቀበላለሁ። ከኋላዬ የነበረ ወጣት መኪናውን አስነስቶ አንድ ጊዜ ነዳጅ ረገጥ ሲያደርግ ከኮፈኑ ስር ቀጭን ፉጨት ወጣ። የቱርቦ አይደለም፤ የቱርቦ ፉጨት እግር ከረገጠ ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ይህ ከእግር ጋር አብሮ የሚነሳ፣ በሞተሩ ቺንጋ እየዞረ አየር የሚገፋ የሱፐርቻርጀር ድምፅ ነው። በዕድሜዬ ደጋግሜ የሰማሁት በአንድ መኪና ላይ ብቻ ነው። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ እኔ አሶሳ ነበርኩ።

አሶሳ የሄድኩት ትምህርቴን እንደጨረስኩ፣ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ነው። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ በብርድ ያደግሁ ሰው ነኝ። የካቲት ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊቴን መታኝ። በቀርከሃ በታጠረ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ከግቢው ዳር ትልቅ የማንጎ ዛፍ ነበር፤ ፍሬው በስሎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ላይ እደነግጥ ነበር። በኋላ ግን እንደ እንግዳ እጠብቀው ጀመር።

ሰው ክፉ ሆኖብኝ አይደለም። የአሶሳ ሰው ሰላምታው ረጅም ነው፤ ጤና፣ ቤተሰብ፣ አገር፣ ሁሉንም ይጠይቃል። ሰላምታው ሲያልቅ ግን ወሬው ወደ አገሩ ቋንቋ፣ ወደ በርታኛ ይዞራል፣ እኔም ፈገግ እንዳልኩ እቀራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ቤተሰብ ነበራቸው። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ የማናግረው ዳቦ ሻጯን ብቻ ነበር፤ እሷንም ቢሆን ስንት ዳቦ እንደምፈልግ ከመናገር አላልፍም። ብቸኝነት እንደ ወባ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው።

አጣሂርን ያወቅሁት በዚያ ወቅት ነው። አንድ ቀን ከክፍል ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ረጅም፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት፣ ከእኔ በብዙ ዓመት የሚበልጥ የአሶሳ ተወላጅ ነበር። የቤንዚን ግፊት መለኪያ ኮሌጁ ውስጥ እንዳለ ሰምቶ መምጣቱን ነገረኝ። "እርስዎ ምን ዓይነት መኪና ነው ያለዎት?" ብዬ ስጠይቀው ዞር ብሎ ከኋላው ሰው መኖሩን አየ።

"ኡስታዝ፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ። አንተ በለኝ" አለኝ፤ አስተማሪን እዚያ ኡስታዝ ይሉታል።

ኃላፊዬን አስፈቅጄ መለኪያውን ይዤ ተከተልኩት። ግቢው ውስጥ፣ በሣር ዳስ ጥላ ስር፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ ዝቅ ያለች ነጭ መኪና ቆማለች። አጣሂርና ታናሽ ወንድሙ ኑረዲን አረብ አገር አንድ ጋራዥ ውስጥ ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። መኪናዋን ተጋጭታ ወድቃ ነው ያገኟት፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ አንድ በአንድ ሠሯት። ሱፐርቻርጀሩ በፍጥነት እንዲዞር ቺንጋው የሚያዞረውን ፑሊ በአነስተኛ ፑሊ የቀየረው ኑረዲን ነው። ቀጥሎ የቤንዚኑን ነገር እናስተካክላለን እያለ ሳለ ታመመና እዚያው ሞተ፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። አጣሂር መኪናዋን በሱዳን በኩል ይዞ አገሩ ገባ።

ችግሯን ለመረዳት ብዙ አልፈጀብኝም። ሱፐርቻርጀር አየር በግድ ወደ ሞተሩ ያስገባል። አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም በልኩ መብዛት አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ችላ ካሉት ፒስቶኑ ይቀልጣል። አጣሂር ይህን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። በራሱ አማርኛ ሲያስረዳኝ፣ "ውሃ ጉድጓድ ውስጥ አለ፣ ገመድ አጭር ነው። ይቺ መኪና ጠምቶታል" ነበር ያለኝ። የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ ሁለተኛ ሰው ነበር። ግፊቱ የሚወድቀው መኪናዋ በሙሉ ጉልበቷ ስትሮጥ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሲነዳ ሌላው መለኪያውን ማንበብ አለበት።

መለኪያውን በረጅም ቱቦ ከኮፈኑ ስር አውጥተን የፊት መስታወቱ ላይ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ጋር አሰርነው። በባምባሲ መንገድ ወጣን። ሣሩ ተቃጥሎ ዳርና ዳሩ ጠቁሯል፣ አየሩ ጭስ ጭስ ይላል። ሜዳው ላይ ስንደርስ አጣሂር ነዳጁን ረገጠው። ፉጨቱ እየቀጠነ ሲወጣ የመለኪያው ጠቋሚ መውረድ ጀመረ። እኔ "ወረደ፣ ወረደ፣ ተው!" አልኩ፤ እሱም እግሩን አነሳ። ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሮ ነበር።

ጠንከር ያለ የቤንዚን ፓምፕና ቤንዚን የሚረጩ ሰፋ ያሉ ኢንጀክተሮች ከቀድሞ ጓደኞቹ እንዲላኩለት አዘዘ። ዕቃው እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለእኔ ጥሩ ጊዜ ነበር። አርብ ከጸሎት በኋላ ምሳ እነ አጣሂር ቤት እበላለሁ፤ የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ከርከዴ፣ ቀዩ የአበባ መጠጥ። ስለ ራሳችን ብዙ አናወራም። ስለ ፊልትሮ፣ ስለ ቱቦ፣ ስለ ሽቦ እናወራለን፤ ምሽቱም ሳይታወቀን ይደርሳል።

እናቱ እማማ ሐዋ ከዳሱ ትይዩ የጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። አንድ ጊዜም ወደ መኪናዋ ቀርበው አያውቁም። ጎረቤት እንደነገረኝ፣ የኑረዲን ሞት ሲሰማ ለቅሶ እንዲቀመጡ ዘመድ ቢለምናቸው እምቢ ብለዋል። "ዕቃው መጥቷል፤ ባለቤቱም ይመጣል" ነው የሚሉት። ሰደቃም አልወጣለትም።

ፓምፑ መጣ፣ ገጠምነው፣ ኢንጀክተሮቹንም ቀየርን። ባምባሲ መንገድ ላይ ጠቋሚው ከበፊቱ ዘግይቶ ቢሆንም እንደገና ወረደ። አጣሂር መኪናዋን ዛፍ ጥላ ውስጥ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። እስከዚያ ቀን ስለ ወንድሙ ሥራውን እንጂ ሌላ ነገር አውርቶልኝ አያውቅም።

"እሱ መለኪያ ያነብ ነበር" አለኝ መሪውን እንደያዘ። "እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ያነባል። እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ሞከርኩ። መንገድ ሳይ መለኪያ አላይም፣ መለኪያ ሳይ መንገድ አላይም።"

እኔ የማውቀው ስለ ሽቦው ነበር፤ እሱኑ ተናገርኩ። አዲሱ ፓምፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ አሮጌው ቀጭን ሽቦ ግን ያን ያህል አያደርስለትም። ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ እንሳብለት አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን አርሶት ባረፈ ማግስት፣ ወንበሩን አውልቀን፣ ምንጣፉን ገልጠን ሽቦውን ዘረጋን።

ከሰዓት በኋላ ወጣን። ፉጨቱ ሲነሳ ጠቋሚውም አብሮ ተነሳ። አጣሂር ጨምሮ ረገጠ። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ፣ የታጠበው አስፋልት ወደ እኛ ይሮጣል፣ ሞተሩ ግን አንዲት ጊዜ እንኳ አላንኳኳም። "ቆሟል፣ ቆሟል፣ አልወረደም" እያልኩ እደጋግም ነበር። እሱ አልሳቀም፣ አልጮኸም። ዳገቱ ጫፍ ላይ እግሩን ሲያነሳ ጉንጩ ርሶ አየሁ። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ እማማ ሐዋ ቆመው አገኘናቸው። ደማቅ ቶባቸውን ተከናንበዋል። ወደ እኔ በኩል መጥተው በአማርኛ፣ "አለቀ?" አሉኝ።

"አልቋል እማማ።"

"ኑረዲን በስልክ አለኝ፦ ሲያልቅ መጀመሪያ እናቴ ትቀመጣለች። አሁን እኔ ልቀመጥ።"

ወረድኩ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ክንዳቸውን ይዤ አስገባኋቸው፣ ቶባቸውን ከበሩ ሰብስቤ ዘጋሁ። አጣሂር በእናቱ በኩል አሻግሮ አየኝ፤ ሌላ ወንበር እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ሄዱ። ፉጨቱ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ዳሱ ስር ገብቼ መፍቻዎቹን ጠራርጌ በቦታቸው አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እንዲያ ሆኖም መንገዱ በጣም ረዘመብኝ።

በዚያው ሳምንት ለኑረዲን ሰደቃ ወጣ። እማማ ሐዋ እያለቀሱ ሰው ይቀበላሉ። ከኩርሙክ፣ ከሆሞሻ ዘመድ መጥቶ ግቢው ሞልቷል፣ ንግግሩ ሁሉ በበርታኛ ነው። አጣሂር ከወዲያ ማዶ ሳህን ይዞ ሲሯሯጥ አየኝና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከማላውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር በልቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላም ሲያገኘኝ ምሳ ይጠራኛል፣ እሄዳለሁም፤ ግን ቤቱ ሰው አግኝቷል፤ የሚለካም ነገር አልነበረም።

ዝውውሬ ሲመጣ በዚያችው መኪና መናኸሪያ አደረሰኝ። አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ረዳቱ እየጮኸ፣ አጣሂር መስኮቱ ስር መጥቶ፣ "ኡስታዝ፣ እዚህ አገር ማን ነበረህ?" አለኝ።

"ሰው አላጣሁም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ አውቶቡሱም ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። እማማ ሐዋ ማረፋቸውን ከአሶሳ የመጣ አንድ ተማሪ ነገረኝ፤ አጣሂር አግብቶ ወልዷል አለኝ።

እኔም አግብቼ፣ ልጆች ወልጄ፣ ብዙ ሰው መሃል ኖሬያለሁ። ሰው ብቸኝነቱን መደበቅ ጨዋነት ይመስለዋል፤ እኔም ያኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። የዚያን ቀን የጠየቀኝ ነገር ግን እውነተኛ መልስ ነበረው። ዛሬ መስኮቱ ስር ቆሞ ቢጠይቀኝ "አንተ ነበርክ" እለዋለሁ።