እጥበት የሚለው ቃል

አባባን ያስቆጣቸው ቃሉ ነው። ሐኪሟ «የኩላሊት እጥበት መጀመር አለብዎት» ስትላቸው ኮፍያቸውን አንስተው ተነሱ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሜክሲኮ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ሙስሊም ወንድ ሲሞት ግን ጀናዛ እንዲያጥቡ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «እጥበት የሙት ነው። ጊዜዬ ሲደርስ ታጥቡኛላችሁ፤ በቁሜ አልታጠብም» ብለው እኔንና ወንድሜን አስከትለው ወደ ካዛንቺስ ቤታችን ተመለሱ።

እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ አዳምጣለሁ፤ ድምፃቸው ጠፋ ያለ እንደሆነ ልቤ ቀጥ ይላል።

እኔ የምሠራው የታሸገ ውሃ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማጣሪያ ክፍል ነው። «አባባ፣ እጥበት ያሉት ስም ሲያጡለት ነው» አልኳቸው። «ማጣራት ነው እኮ። ብርዝ አጥልለው አያውቁም? በቃ እንደዚያ ነው።»

ብርዝ ስል ፈገግ አሉ። «እሺ፣ አንድ ቀን አየዋለሁ። ካልወደድኩት ግን ሁለተኛ እንዳትጨቀጭቂኝ። ቃል ግቢልኝ።»

ምን ላድርግ፣ ገባሁላቸው።

ኡራኤል አካባቢ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ስለ ማጣሪያ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ፤ እዚያ ስደርስ እውቀቴ የጠቀመኝ ለመፍራት ብቻ ነው። ሰሞኑን መንገዱ ሲቆፈር የሰፈራችን ቧንቧ ቡናማ ውሃ ነበር የሚያወርደው። «ወደ ማሽኑ የሚገባውን ውሃ የት ነው የምታጣሩት?» እያልኩ ነርሷን አሰለቸኋት። በር ከፍታ አሳየችኝ፤ አሸዋውም፣ ከሰሉም፣ ሁሉም በቦታው አለ። አልተረጋጋሁም።

ከዚያ የአባቴ ደም ከአንገታቸው ሥር በገባው ቱቦ ወጥቶ፣ ማሽኑ ጎን ወደ ቆመች ከክንድ የማትረዝም ማጣሪያ ሲገባ አየሁ። በሌላ በኩል ደግሞ ጥርት ያለ ፈሳሽ ወደ መውረጃው ይፈሳል። እኛ ፋብሪካ ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ቆሻሻ ነው፤ አልፎ የወረደው ለሰው ይሰጣል። «ጥሩውን እየደፋችሁት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ነርሷ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እዚህ ግልባጩ ነው፣ እህቴ። ማለቴ፣ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች አሉ። ደሙ በነሱ ውስጥ አልፎ ወደ አባባ ይመለሳል። በቱቦዎቹ ግድግዳ ሾልኮ የሚወጣው መርዙና ትርፍ ውሃው ነው፤ የሚደፋውም እሱ ነው።»

አመስግኛት ሳልጨርስ መብራት ጠፋ።

ማሽኑ ጮኸ፤ ደሙን የሚገፋው ሞተር ቆመ። የአባቴ ደም ቱቦው ውስጥ ባለበት ቀረ። የቆመ ደም እንደሚረጋ አውቃለሁ፤ የረጋ ነገር ማጣሪያን እንዴት እንደሚደፍን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ነርሷ ሮጣ መጥታ ከማሽኑ ላይ እጀታ ዘርግታ ደሙን በእጇ ማዞር ጀመረች፤ ወደ ኮሪደሩ «ጄኔሬተሩ ምን ሆኖ ነው?» እያለች ትጮኻለች። አባባ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ናቸው። እግራቸውን ጥብቅ አድርጌ ያዝኩ። ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ቢተርፉም ዳግመኛ እዚህ ቤት አይረግጡም፤ እንዳልጨቀጭቃቸው ደግሞ ቃል አስገብተውኛል።

ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ሞተሩም መዞር ጀመረ። አባባ ዓይናቸውን ገልጠው ማሽኑን ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ እኔን አዩኝ። እግራቸውን አሁንም አልለቀቅኩም፤ እንባዬ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ ነርሷን ጠሯት።

«ቀጣዩ መቼ ነው?»

«ሐሙስ፣ አባባ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ሐሙስ ወንድምሽ ያምጣኝ። አንቺ አትችይውም።»