ልተው ወይስ እንደገና ልሞክር?

የምወዳት የኦሪት አባት ጋሼ ብርሃኑ ባለፈው ወር ሽማግሌዎቼን «ልጄን አልሰጥም» ብለው ሸኝተዋቸው ነበር። ታዲያ ዓርብ ጠዋት ስልኬ ጮኸና ባነሳው እሳቸው! «የኦሪት የድሮ ማኽሼቭ ጨዋታዋን አልከፍት አለ፤ ና ሥራልኝ» አሉኝ፣ ኮምፒውተሩን በዕብራይስጥ ስሙ እየጠሩ። በምንኖርበት በሺምሾን ሰፈር አሮጌ ኮምፒውተር የሚነካካ ከኔ በቀር የለምና፣ ምን ይደረግ፣ ሄድኩ።

ኦሪት በልጅነቷ ትጫወትበት የነበረውን ዲስኬት ከተትኩ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን ይላል?» አሉ ጋሼ፣ ወንበራቸውን ወደኔ አስጠግተው።

«‹ማንበብ አልቻልኩም፤ ልተው ወይስ እንደገና ልሞክር?› ይላል።»

ያ አሮጌ ዕቃ እንዲህ በትሕትና ሲጠይቅ ሳቄ መጣ፤ ግን በዚያ ቤት ማን ደፍሮ ይስቃል! ላቤን ጠርጌ «ዲስኬቱ ሞቷል ጋሼ፣ እንተወው» አልኩ።

«ረጋ በል! ምን አስቸኮለህ? እንደገና ሞክር።»

ሞከርኩ። ያንኑ ጠየቀኝ።

«ድገመው።»

ደገምኩት። አሁንም ያው ነው። ጋሼ ግን ቅንጣት አልከፋቸውም፤ «ድገመው እንጂ!» አሉ። በመጨረሻ ማሽኑ አጉረመረመ፣ አቃሰተ፣ አቃሰተና ጨዋታው ስክሪኑ ላይ ቦግ አለ።

«ይገርማል ጋሼ! እኔማ ገና መጀመሪያ እምቢ ሲል ተስፋ ቆርጬ ነበር።»

ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ «አውቃለሁ» አሉ። «ሽማግሌዎችህም አንዴ መጥተው በዚያው ቀሩ።»